«እንደገና አየሁት» ባዮች ይክበሩልን

አሮጌ ፊልም ሁለተኛ ጊዜ ማየት ቀላል ነው። አንደኛውን ሳያዩ ሁለተኛውን ማየት ግን ተሰጥኦ ይጠይቃል። ይህ ተሰጥኦ የሞላላቸው ወዳጆች አሉኝ። «አየሁት» የሚል ቃል ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሁሌም «ትናንት ማታ እንደገና አየሁት» ነው። መጀመሪያ መቼ አያችሁት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

«ካዛብላንካ»ን እንውሰድ። የ1942 ፊልም ነው። ወዳጆቼ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «እንደገና ተጫወተው፣ ሳም» የሚለውን ይጠቅሱላችኋል። ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ተዋናይቷ ኢንግሪድ በርግማን ፒያኖ ተጫዋቹን «ተጫወተው፣ ሳም» ብላ ነው የምትለምነው። «እንደገና»ን የጨመሩት ደጋሚዎቹ ናቸው። ቢጨምሩስ? አንዴ ብቻ ያየ ምስኪን የሚሰማው የተባለውን ነው። ያልተባለው የሚሰማው አሥሬ ለደገመው ብቻ ነው።

ትልቁ ገድላቸው ግን «ዣን ዲልማን» ነው። ቤልጂየማዊቷ ዳይሬክተር ሻንታል አከርማን በ1975 ያወጣችው፣ 201 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም። በ2022 የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ሃያሲያንን አስመርጦ ከዓለም ፊልሞች ሁሉ አንደኛ አለው። በማግስቱ የሁሉም የልጅነት ፊልም ሆኖ አረፈ!

ታሪኩ ብራስልስ ውስጥ ባሏ ሞቶባት ከልጇ ጋር የምትኖር ሴት ሦስት ቀን ነው። ታበስላለች፣ ጫማ ትወለውላለች፣ ድንች ትልጣለች። ካሜራው ፍንክች አይልም። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ይበስልባታል፤ የኑሮዋ ሥርዓት መናጋቱን የምናውቀው በዚህች ነው። ያን ሁሉ ሰዓት አብረናት ካልተቀመጥን፣ ድንች ቢያርር ምን ሊመስለን? አንዱ ወዳጄ ግን አንጀቱ አልቻለም። ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ ሴትዮዋን ገላገላት። ድንቹ በአፍታ ተላጠ፣ ቡናውም ሳይቆይ ደረሰ። አከርማን ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ነበረች፤ ልጅነት ይሆናል ይህን ዘዴ የደበቃት።

ስልክ እየነካኩ ማየትም ሌላ ጥበብ ነው። የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የአንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» በ1960 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሲታይ አዳራሹ በፉጨትና በጩኸት ተናወጠ። ተመልካቾቹ ያሳዝናሉ። ለመናደድ እንኳ ፊልሙን ማየት ነበረባቸው። ፊልሙ ውስጥ አና የምትባል ሴት ደሴት ላይ ትጠፋለች። ፍቅረኛዋና የቅርብ ጓደኛዋ ሲፈልጓት እርስ በርስ ይዋደዱና ቀስ በቀስ ይረሷታል። እስከ መጨረሻው አትገኝም። ወዳጄ «ለአራተኛ ጊዜ አየሁት፣ ምን ዓይነት ምስል ነው!» ሲለኝ፣ አና የት የደረሰች ይመስልሃል አልኩት።

«የቷ አና?» አለኝ።

ፍቅረኛዋ እንኳ እንዲህ አልጨከነባትም።