እጃችሁ ይባረክ

የአዲስ አበባን ሹፌር የማያማ የለም። እግረኛው ይረግመዋል፣ ትራፊኩ ያማርረዋል፣ ከኋላው ያለው በክላክስ ይሰድበዋል። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው የተነሳሁት። ሌላው ዓለም መኪና መንዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው ብሎ ይጨነቃል። የኛ ሰው ግን ዋና ሥራው ስልክ ማውራት ነው፤ መንዳቱን በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚሠራው። ይህን የመሰለ ትጋት ደግሞ ሳይመሰገን መቅረት የለበትም።

በቅድሚያ ለቀደምቶቹ ክብር ይሁን። ብሉቱዝ ሳይመጣ በፊት የነበረውን ጀግና አደባባይ ሲዞር አስታውሱት። ግራ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግፏል። ቀኝ እጁ ማርሽ ይቀይራል። መሪውስ? መሪውን ጉልበቱ ይዞታል። ፍሬቻ አይጠበቅበትም፣ ሦስተኛ እጅ የለውማ። ወሬው ሲሞቅ ደግሞ ቀኝ እጁም ማርሹን ትቶ አየር ላይ ይወጣል። «ነገርኩህ እኮ!» እያለ፣ አዳማ ለተቀመጠ ሰው በእጁ ጭምር ያስረዳል።

ትራፊክ ሲያይ ጥበቡ ሌላ ነው። ስልኩ ጭኑ መሃል ይወድቃል። ቀበቶው ሳይቆለፍ ደረቱ ላይ ይጎተታል። ዓይኑ ፊት ለፊት ይተከላል፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው መኪና ነድቶ አያውቅም። ከጭኑ መሃል ግን «ሄሎ? ሄሎ? ትሰማኛለህ?» የሚል ድምፅ ይወጣል።

ሞተረኛውንም አንርሳ። ስልኩን ሄልሜቱና ጉንጩ መሃል ሸጎጥ አድርጎ በሁለት እጁ ይነዳል። አንዳንዷ እህታችንም ሻሿ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ቻርጅ የለ፣ ወጪ የለ።

አሁን ግን ሠልጥነናል። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ያስቀጣል ተባለ፣ እኛም ሕግ አክባሪዎች ነን፣ ብሉቱዝ ገዛን። ስለዚህ «የቱን ልግዛ?» ለሚል ወገኔ ትንሽ ምክር አለኝ።

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ይግዛ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፣ ከስልኩ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል፣ የሚደውለው ሰው ድምፅ በመኪናው ሬዲዮ ይወጣል። የሚያስፈልገው ጣቢያ ያልያዘው ባዶ ሞገድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ባዶ ሞገድ መፈለግ ደግሞ በበዓል ዋዜማ መርካቶ ፓርኪንግ እንደመፈለግ ነው። 97.1 ተይዟል፣ 98.1 ተይዟል፣ 102.1 ተይዟል። በመከራ አንድ ጥግ ቢገኝ እንኳ ሰፈር ሲቀየር ይጠፋል። ሚስት «ልጁን ከትምህርት ቤት አምጣው፣ ከዚያ ደግሞ...» ስትል የስፖርት ዜና ይገባባታል። ከዚያ ደግሞ ምን እንደሆነ ሰውየው የሚያውቀው ማታ ቤት ሲገባ ነው። ግን ትርፉን እዩ፦ አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ሞገድ ፍለጋ ላይ። እጅ ነጻ የሚያደርግ ዕቃ ማለት ይሄ ነው።

ዘመናዊው ሰው ኤርፖድ፣ ማለትም ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን ገመድ አልባ ማዳመጫ ይግዛ። ኦሪጅናሉ ቢወደድበት «ኮፒው ራሱ ከኦሪጅናል ይበልጣል ወንድሜ» የሚል ሻጭ አያጣም። ሁለቱንም ጆሮ መድፈን ግዴታ ነው። በተለይ የውጭ ድምፅ የሚያጠፋው ዓይነት ይመረጣል፤ አምቡላንሱም፣ ክላክሱም፣ «ኧረ ቀስ!» የሚለው ተሳፋሪም አይሰማም። ፍጹም ሰላም ነው። ችግሩ አንዱ ከጆሮ አምልጦ ወንበር ሥር መግባቱ ነው። ያኔ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ 50 ሜትር ዓይን ሳያስፈልገው የሚነዳ ሰው ያለው በኛ ሀገር ነው፣ እንኮራለን።

ባለ አንድ ጆሮውን ብሉቱዝ ብዙ አላወራበትም። እሱ ለመኪና ሳይሆን ለማዕረግ የሚደረግ ነው፤ ባለቤቱ ለቅሶ ቤትም አያወልቀውም።

የታክሲ ሹፌር ግን ስፒከር ያለውን፣ ከፊቱ የፀሐይ መከላከያ ላይ የሚንጠለጠለውን ይያዝ። ለተሳፋሪ የተሰጠ ነጻ አገልግሎት ነው። ሳሪስ ሆኖ «ቦሌ ደርሻለሁ» ሲል ሁላችንም እንሰማለን፣ ሁላችንም ዝም ብለን እንተባበረዋለን። የዕቁብ ሰብሳቢው «ዛሬም አልከፈልክም!» ሲለው ግን ዝምታው ያበቃል። ከኋላ ወንበር «ክፈል እንጂ ወንድሜ፣ የሰው ዕጣ ነው» የሚሉ እናት ይነሳሉ። ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ ይሸመግላል። ሹፌሩ ለእሳቸው መልስ ለመስጠት ዞር ይላል። መንገዱን የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር እሱም የጋቢናው ተሳፋሪ ነው፤ ያውም ፈርቶ።

አንዳንድ ሥራ ፈት ሰው ሲገዛ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሳያዩት በጣት የሚገኝ አንድ ትልቅ ቁልፍ አለው ወይ? ማይኩ አፍ አጠገብ ነው ወይስ ማርሹ ሥር? መስኮት ሲከፈት ንፋሱን ይቀንሳል ወይ? መኪናው ሲነሳ ራሱ ከስልኩ ጋር ይገናኛል ወይስ መንገድ ላይ መነካካት አለው? ጨዋው ገዢ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ «ትራፊክ ያየዋል?»

የዓለም ጤና ድርጅት የሚባለው ደግሞ ደስታችንን ሊያበላሽ ይሞክራል። እየነዳ በስልክ የሚያወራ ሰው የመጋጨት ዕድሉ 4 እጥፍ ገደማ ነው ይላል። ይባስ ብሎ፣ እጅን ነጻ የሚያደርገው ዕቃ በእጅ ከተያዘው ስልክ ብዙም አይሻልም ብሎ ይጨምርበታል። አሜሪካ ያሉ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ነገሩን አይተውታል። መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ ሰዎችን አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ነጻ አድርገው፣ በስልክ አስወሯቸው። ዓይናቸው በቀጥታ ያረፈበትን የማስታወቂያ ሰሌዳ እንኳ ብዙውን ጊዜ አላስታወሱትም። ዓይን አየ፣ ልብ ግን ወሬው ላይ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ የተካሄደው በአሜሪካኖች ላይ ነው፣ እኛን አይመለከትም።

«ታዲያ አጠገብ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትስ?» የሚል አይጠፋም። አጠገብ ያለው ሰው ገልባጩ መኪና ሲመጣ ያየዋል፤ ዝም ይላል፣ ወይም ይጮኻል። ቀበና ሳሎን የተቀመጡት አክስት ግን ገልባጩን ከየት ያዩታል? ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ዝም ሲል «ምነው? ዘጋኸው እንዴ?» ይላሉ።

ደዋዩንም ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል። «እየነዳህ ነው?» ይላል። «አዎ።» «እሺ በአጭሩ ልንገርህ።» ከዚያ ሰላምታው ይጀምራል። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ ባለቤትህስ፣ የእማማ ጉልበት ተሻላቸው? ሰላምታው ብቻ ከስታዲየም ጎተራ ያደርሳል። ጉዳዩ ሳሪስ ላይ ይነሳል። ስንብቱ ከቃሊቲ ወዲህ አያልቅም። ሹፌሩ ባያነሳስ? አያድርስ ነው። «ደውዬ ንቆኝ አላነሳም» ተብሎ እስከ ፋሲካ ሽምግልና ይቀመጡበታል። ጥግ ይዞ፣ መኪና አቁሞ መልሶ መደወል የሚባል ኋላ ቀር ዘዴም ነበር። ግን ጊዜ ያለው ማን ነው?

ከሁሉ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። አንዱ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ እያወራ፣ ዜብራ ላይ ለቆሙ ተማሪዎች ሳይቆም አለፈ። ትራፊኩ አስቆመው። መስኮቱን አወረደና ጣቱን ቀስሮ «አንዴ ቆየኝ» አለው፤ ስልክ ላይ ነዋ። ትራፊኩ መንጃ ፈቃድ ጠየቀ። «ትራፊክ ያዘኝ ባክህ» አለ ለደዋዩ። ደዋዩ ምን እንዳለው እኛ አልሰማንም፣ ግን ሰውየው ፊቱ በራ። አንዱን ኤርፖድ ከጆሮው አወጣ፣ በሸሚዙ ጠረግ ጠረግ አደረገና ለትራፊኩ ዘረጋለት።

«እንካ፣ ያናግርህ። ጎኑን ግን እንዳትነካው፣ ይዘጋብሃል።»