ጭስ የገባው ፍርምባ

አገር ቤት ሳለሁ ወጥ ጭስ ገባው ማለት የቤት ውርደት ነበር። እናቴ ድስቱን ከፍታ ታሸታለች። ፊቷ ይቀየራል። ከዚያ ምድጃው ውስጥ እርጥብ እንጨት የማገደው ማን እንደሆነ ምርመራ ይጀመራል። እንግዳ ካለና እንግዳው ጨዋ ከሆነ ምንም አይልም፤ ውሃ ብቻ ያበዛል። ሥጋው ጭስ እንዲገባው ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣ ለዚያም እንጨት መርጦ በገንዘቡ የሚገዛ ሕዝብ ያየሁት ቴክሳስ መጥቼ ነው። አሁን እኔም አንዱ ሆኛለሁ።

የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ስለሆነ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ሐሜቱም በእጅ ነው። አንዱ ጎረቤቴ ግን የቴክሳስ ተወላጅ ነው። ትልቅ ሰውዬ፣ ትልቅ መኪና፣ ከሁሉም የሚበልጥ ትልቅ የሥጋ ማጨሻ። አንድ ቀን በአጥሩ በላይ በወረቀት የተጠቀለለ ብሪስኬት አቀበለኝ። በላሁ። በሳምንቱ ማጨሻ ገዛሁ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትጠይቀኝ «ቅናሽ ላይ ነበር» አልኳት። ከዚያ በላይ ዝርዝር ውስጥ አልገባሁም።

ብሪስኬት ማለት የኛው ፍርምባ ነው። በሬው ዕድሜውን ሙሉ ክብደቱን የተሸከመበት ሥጋ ስለሆነ ጅማታም ነው። ቸኩለህ ካበሰልከው የጫማ ሶል ታኝካለህ። ስለዚህ በ225 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 107 ገደማ መሆኑ ነው፣ ቀስ እያለ ይጨሳል። ጅማቱ እየቀለጠ ይለሰልሳል። እንጨቱ የኦክ እንጨት ነው። ትዕግሥቱ የራስህ።

ጁላይ ፎር ቅዳሜ ዋለና ሃያ ሁለት ሰው ጠራሁ። አሥራ ስድስት ፓውንድ ፍርምባም ገዛሁ። ስህተቴ የካላንደር ነው። ጁላይ 4 በእኛ ሰኔ 27 ነው። የሐዋርያት ጾም ደግሞ የሚፈታው ሐምሌ 5፣ በፈረንጁ ጁላይ 12 ነው። የሚገባበት ቀን ከፋሲካ ጋር ከፍ ዝቅ ቢልም የሚወጣበት ቀን አይነቃነቅም። በሌላ አነጋገር አሜሪካ ነፃነቷን የምታከብረው በየዓመቱ፣ አንድም ዓመት ሳይስት፣ እኛ ጾም ላይ ሳለን ነው። ቶማስ ጀፈርሰን ይህን አላሰበበትም። እኔም አላሰብኩበትም።

እውነቱን ለመናገር የሰኔን ጾም «የቄስ ጾም» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው እየተባለ ቢሰበክም ምእመኑ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። እኔም የተማመንኩት በዚህ ነበር። የረሳሁት፣ ሰው ቤቱ የማይጾመውን ጾም ሰው ቤት ሲሄድ እንደሚጾመው ነው።

ሥጋውን እሳት ላይ ያወጣሁት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አማቴ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። ለጸሎት ሲነሱ ጓሮ ውስጥ በባትሪ መብራት እንጨት ስማግድ አገኙኝ።

«ምን ሆነሃል ልጄ? ሰው ሞተ?»

«ኧረ እማማ፣ ሥጋ እያጨስኩ ነው።»

«ለስንት ሰዓት?»

«ለአሥራ አራት ሰዓት ያህል።»

ዝም ብለው አዩኝ። «ጥሬውን ብታቀርበው እኮ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር» አሉና ገቡ።

ከረፋዱ በኋላ የሥጋው ሙቀት 160 ፋራናይት ላይ ደርሶ ቆመ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ሦስት ሰዓት። ቴርሞሜትሩን አራገፍኩት፣ ባትሪ ቀየርኩለት፣ መጨረሻ ላይ ጎረቤቴን ጠራሁት። ሳቀብኝ። ሥጋው እያላበው ነው አለኝ። ውስጡ ያለው እርጥበት ሲተን መልሶ ስለሚያቀዘቅዘው ሙቀቱ ለሰዓታት አይጨምርም፤ ጠብቅ፣ አትነካካው። ግብዣው ለስምንት ሰዓት ነበር። በስምንት ሰዓት ቢመጡ ኖሮ ያልበሰለ ፍርምባና የሚያለቅስ አባወራ ያገኙ ነበር። ሐበሻ አያሳፍርም፤ በአሥራ አንድ ሰዓት መጡ።

ቀድመው የገቡት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ፊት ከሚሰለፉት፣ ቁጣቸውም ምክራቸውም ከሚፈራው አንዱ ናቸው። ሥጋውን ሳነሳ አዩት። ጥቁር ቅርፊቱ ያብለጨልጫል፣ ስቡ ይንጠባጠባል። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጮክ ብለው «እኔ እንኳ ጾም ነኝ» አሉ።

ጾም እንደ ማዛጋት ነው። አንዱ ሲጀምር ይዛመታል። ባለቤታቸው ጾመኛ ሆኑ። አጠገባቸው የነበረው ባልና ሚስት ተያዩና ጾመኛ ሆኑ። አንዱማ ባለፈው ሳምንት አብረን በርገር የበላን ልጅ ነው፤ ዓይኔን ሳያይ «እኔም ጀምሬያለሁ» አለ። ዘጠኝ ሰው ወደ ድንች አልጫው ዞረ። ስድስቱ ልጆች ሆት ዶግ ካልሆነ አሉ። ከቀሩት አንዱ ሥጋውን ቆርሶ ጠርዙ ላይ ያለውን ሮዝ ቀለም አየና «ይሄ ነገር አልበሰለም» ብሎ መለሰው። ያ ሮዝ ቀለበት ጭሱ የሚሠራው ነው፤ የቴክሳስ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል። ደግሞ ማን እንደተናገረው ልንገራችሁ? አገር ቤት ሲገባ ከአውሮፕላን እንደወረደ ጥሬ ሥጋ ቤት የሚሄድ ሰው ነው።

«ይዛችሁ ሂዱ» አልኩ ማታ ላይ። በሞቴ አልኩ። ፎይል ይዤ እስከ መኪና ማቆሚያው ተከተልኳቸው። ማንም አልያዘም። ስድስት ፓውንድ ሥጋ ታቅፌ ጓሮ ቀረሁ። ርችቱ በላዬ ላይ ይፈነዳል።

ሥጋውን ከፋፍዬ አብዛኛውን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። አንዱን ድርሻ ለክፉ ቀን ብዬ በእርጎ ባልዲ አድርጌ ፍሪዘር ከተትኩት። እዚህ ላይ ስለ እርጎ ባልዲ ትንሽ ልበል። የሐበሻ ፍሪዘር የከፈተ ያውቀዋል። ሰባት የእርጎ ባልዲ ይኖራል፤ እርጎ ያለበት አንድም የለም። አንዱ በርበሬ ነው፣ አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ንጥር ቅቤ፣ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት የመጣና ማንም ደፍሮ የማይከፍተው ነገር ነው። ጽሑፍ የለበትም። ባለቤቴ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ትላለች። እኔም እየዋሸች መሆኑን አውቃለሁ።

እሑድ ሥጋውን በዳቦ በላነው። ሰኞ ባለቤቴ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠበሰችው። ቤቱ በኦክ ጭስ ታጠነ። አማቴ ከመኝታ ክፍል «ምነው፣ ወጡ አረረ እንዴ?» እያሉ ወጡ። አላረረም ስንላቸው ቀርበው አሸተቱ። «ጭስማ ገብቶታል» አሉ በሐዘን፣ ልጃቸውን እያዩ። ቆየት ብለው ግን ሌላ ነገር ታወሳቸው። «እኛም እኮ የእርጎውን ቅል፣ የጠላውን ጋን እናጥናለን። ግን በወይራ ነው። ይሄ ምን እንጨት ነው? ሽታ የለውም።» ሙያዬ መጀመሪያ ተነቀፈ፣ ቀጥሎ እንጨቴ ተናቀ።

ልጄ ሳህኑን ገፋ አደረገና «አባ፣ ዛሬም እሱ ነው?» አለኝ። የችግሩ ስም ይህ ነው፤ ያደረ። እኛ ቤት ምግብ ካደረ ክብሩ ይቀንሳል። ለእንግዳ አይቀርብም፣ ቀረበ ቢባልም ዕድሜው አይነገርም። የሚገርመው፣ ከምንወደው ምግብ ግማሹ ያደረ ነው። ፍርፍር ማለት የትናንት እንጀራ በዛሬ ወጥ ነው። ድርቆሽ ከዚያም የባሰ ነው። ቋንጣማ ገመድ ላይ ስንት ቀን እንደከረመ ማንም አይጠይቀውም። ምግቡ ስም ካወጣ በኋላ ዕድሜው ይረሳል። የኔ ሥጋ ያጣው ስም ነው።

ስሙን ያወጣልኝ ጎረቤቴ ነው። ሰኞ ማታ ብሶቴን ነገርኩት። «ድንች የለህም?» አለኝ። ለጾመኞቹ ከገዛሁት ከረጢት ግማሹ አለ። «አትጨነቃ» አለኝ። የቴክሳስ ባርቤኪው ቤቶች የተከተፈ ብሪስኬት ትልቅ የተጋገረ ድንች ውስጥ ጠቅጥቀው እንደሚሸጡ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሎዲድ ቤክድ ፖቴቶ ይሉታል። በአማርኛ ጭነት የያዘ ድንች እንደማለት ነው። ፍርፍርን ፈረንጅኛ አልብሰውት ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ማክሰኞ ወጥ ቤት ገባሁ። ተቀቅሎ ቅርጹን የሚይዘው ሳይሆን ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ ፍርፍር የሚለው ረሰት የሚባለው ድንች ነው የሚሻለው። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በሹካ ወጋሁት፤ አለዚያ ኦቨን ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ዘይትና ጨው ቀብቼ በ400 ፋራናይት አንድ ሰዓት። ባለቤቴ ፎይል ስታቀብለኝ እንቢ አልኳት። ፎይል ድንቹን ይቀቅለዋል፣ ቆዳውም ይልፈሰፈሳል። የባሰም አለ። በ1994 እዚሁ ቴክሳስ፣ ኤል ፓሶ ውስጥ፣ በፎይል እንደተጠቀለለ ከፍሪጅ ውጭ የቆየ የተጋገረ ድንች ቦቱሊዝም በሚባል፣ ባክቴሪያ በሚያመጣው የምግብ መመረዝ ሠላሳ ሰው አሳሟል። አየር የማይገባበትና ለብ ያለ ቦታ ለዚያ ባክቴሪያ ሠርግ ቤት ነው። ይህን ስነግራት ፎይሉን መሳቢያ ውስጥ መልሳ እጇን ታጠበች።

ሥጋውን ከተፍኩ፣ ትንሽ መረቅና አንድ ማንኪያ አዋዜ ጨምሬ እንዳይደርቅ ከድኜ አሞቅሁት። ያደረ ሥጋ እስከ ውስጡ በደንብ መሞቅ አለበት፤ 165 ፋራናይት ይላሉ። ድንቹን ሰንጥቄ ከሁለቱም ጫፍ ጫን ስለው እንደ ጽጌረዳ ተከፈተ። የአሜሪካ ደንብ ቅቤ፣ ሳወር ክሪምና ቺዝ ነው። እኔ አማቴ በሻንጣ ያመጡትን ንጥር ቅቤ ጣል አደረግኩበት። ቤቱ ሁሉ ኮረሪማ ኮረሪማ አለ። ከላይ ሥጋው፣ በሥጋው ላይ አይብ፣ በአይቡ ላይ ቃሪያ።

ያው ሥጋ ነው። ቅዳሜ የተናቀ፣ እሑድ የተጠላ፣ ሰኞ የተገፋ። ልጆቹ ስሙን በእንግሊዝኛ ሲሰሙ እየተሯሯጡ መጡ። ዛሬም እሱ ነው ያለው ልጅ ሁለት በላ። ባለቤቴ ፎቶ አንስታ ለጓደኞቿ ላከችና ስልክ ላይ «ዛሬ እኮ ሎዲድ ቤክድ ፖቴቶ ሠራን» ስትል ሰማኋት። ሠራን። ትናንት ማታ «ይሄን ሥጋህን አንድ ነገር አድርገው» ያለችኝ እሷ ናት።

ለአማቴ በዘይትና በአዋዜ ብቻ ለየሁላቸው። ድንችን አገራችን ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1858። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አለፈ፤ ድንች ግን እስከ ዛሬ በያይነቱ ላይ ጥግ እንደያዘ ነው። አማቴ በጸጥታ በሉ። ዓይናቸው ግን የልጆቹ ሳህን ላይ ነበር።

«ጾሙ እሑድ ነው የሚፈታው አይደል?» አሉኝ ሳህኑን ሲመልሱ።

«አዎ እማማ።»

«ከዚያ ከምታጨሰው ቀርቷል?»

አንድ ባልዲ ፍሪዘር ውስጥ እንዳስቀመጥኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍሪዘሩ አጠገብ ሲያልፉ ቀና ብለው ያዩታል።

እሑድ ጁላይ 12 ከቅዳሴ ተመለስን። ድንቹን ኦቨን ከተትኩ፣ ባልዲውን አውጥቼ ከፈትኩ። ሽሮ ነው። ሌላውን ከፈትኩ። በርበሬ። ሰባቱንም ከፈትኳቸው፤ ያንን የማይከፈተውንም ሳይቀር። ሥጋ የለም።

«አንቺ፣ ከዚህ ባልዲ የሰጠሽው ሰው አለ?»

ባለቤቴ ትንሽ አሰበች። «ሰኞ ዕለት ጋሼ የረሱትን ትሪ ሊወስዱ መጥተው አልነበር? ቅዳሜ ጦማቸውን ሄዱ ብዬ አዝኜ ያንን ከአገር ቤት የመጣውን ሽሮ ሰጠኋቸው።»

«ባልዲውስ?»

«ሐሙስ አጥበው መልሰዋል።»

ሐሙስ ጁላይ 9 ነው። አማቴ እጃቸውን ታጥበው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ስልኬን አንስቼ ወጣ አልኩ።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ። ያ ሰኞ ዕለት የወሰዱት ሽሮ…»

«አይ ሽሮ!» አሉኝ ሳያስጨርሱኝ። «እንዲህ ያለ ሽሮ ከአገር ከወጣሁ አልቀመስኩም። ለባለቤትህ እግዜር ይስጥልን በልልኝ። ትንሽ ጭስ ገብቶት ነበር እንጂ…»