ለጥምቀት ያልሆነ ሰንጠረዥ

ወር በገባ ቁጥር የሚታወሰን የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የዕድር ነበር። አሁን ደግሞ የጨርቅ ሪፖርት ተጨመረልን። ስፌት እወዳለሁ የሚል ሰው ሁሉ፣ ወሩ በባተ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ሳይጠይቀው ስልኩን አውጥቶ ሰንጠረዥ ያሳያል፦ የገባ ጨርቅ 6 ሜትር፣ የወጣ 9 ሜትር፣ ቀሪ 84 ሜትር፣ የሚቀጥለው ወር ግብ ሦስት ሥራ። በቀለም ያሸበረቀ ነው። ያለቀው አረንጓዴ፣ የተተወው ቀይ፣ በሂደት ላይ ያለው ቢጫ። ከላይ እስከ ታች ሲታይ ግን ሁሉም ቢጫ ነው። «እስቲ ከተሠራው አንዱን አሳዪን» ሲባል ወሬው ይቀየራል። አልጋው ላይ የተነጠፈው ያው የምናውቀው፣ አንበሳው አፉን የከፈተበት የገበያ ብርድ ልብስ ነው።

እርግጥ ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ኩዊልት የሚባለው፣ ፊቱ እራፊ በእራፊ እየተገጠመ፣ መሐሉ መሙያ ገብቶለት፣ ከሥር ገበር የሚደረግለት ብርድ ልብስ ትልቅ ባህል ነው፤ ከነበሽታው። ሳያልቅ የቀረውን ሥራ «ዩፎ» ይሉታል፤ «ያላለቀ ነገር» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲያጥር ነው፣ በራሪ ሳሕን ከሚባለው ጋር ስሙ አንድ ይሆናል። ጨርቁ ባለቤቱ በዕድሜው ሰፍቶ ከሚጨርሰው በላይ ሲከማችም ስም አውጥተውለታል። ቢያንስ በራሳቸው ይስቃሉ። የእኛዎቹ፣ አዲስ አበባ ያሉትም ሜሪላንድ ያሉትም፣ ሰንጠረዡን ወስደው ሳቁን እዚያው ትተውታል።

ተንኮሉ ያለው «የወጣ» በሚለው ዓምድ ላይ ነው። ጨርቅ መቀስ ሲነካው «ወጣ» ተብሎ ይጻፋል። የት ወጣ? ከሳጥኑ ወጥቶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ለእህት የተሰጠም «ወጣ» ነው። እህትየዋም ሰንጠረዥ ካላት ያው ሁለት ሜትር ፖፕሊን እሷ ዘንድ «የገባ» ይሆንና፣ ስትሰጠው ደግሞ «የወጣ» ይባላል፤ መርፌ ሳያየው የሁለት ቤት ሪፖርት ያሳምራል። ሰንጠረዡ ከአሜሪካ የተወረደ ከሆነ የሚቆጥረው በያርድ ነው። የሰንጠረዡ ባለቤት መርካቶ በሜትር ገዝታ 10 ብላ ታስገባለች፣ ስትቆርጥ በያርድ ለክታ 10 ትቀንሳለች። 10 ያርድ 9 ሜትር ከ14 ነው። ሰማንያ ስድስት ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በወረቀት ላይ ተበላ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን ገበሩ ነው። የአንድ ሰው አልጋ፣ 150 በ200 ሴንቲ ሜትር እንበል። ፊቱ 10 በ10 ሆነው በሚታዩ ካሬዎች ከተሠራ 15 በወርድ፣ 20 በቁመት፣ 300 ካሬ ይፈጃል። እያንዳንዱ በአራቱም ዳር ለስፌት 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ስለሚተውለት ሲቆረጥ 11.3 ነው። 110 ስፋት ካለው ጨርቅ በአንድ ቅዳጅ ዘጠኝ ካሬ ይወጣል። ስለዚህ 34 ቅዳጅ፣ ወደ 3 ሜትር ከ85። ገበሩስ? ሦስቱ ሲነባበሩ ስለሚሸሽ በየዳሩ 10 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይፈልጋል፤ 170 በ220 መሆኑ ነው። 110 ስፋት ያለው አቡጀዲ አንዱ አይበቃም፤ ሁለት ቁመት ተገጥሞ 4 ሜትር ከ40 ይበላል። ዙሪያው ሰባት ሜትር ስለሆነ ለጠርዙ ሌላ ግማሽ ሜትር ይጨመራል። እንግዲህ ማንም የማያየው ገበር ሁሉም ከሚያየው ፊት ይበልጣል ማለት ነው። ሰንጠረዡ ላይ የሚጻፈው ግን የፊቱ ብቻ ነው። አቡጀዲው በሌላ ቀን ይገዛና «ለማስጨረሻ» ተብሎ ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሒሳብ ሌላ ቦታ ቢገኝ ኦዲተር ይላክበት ነበር።

ወርሃዊው ግብም እንዲሁ ነው። «ፊቱን መግጠም» ተብሎ አንድ መስመር ይሰጠዋል። አንዷ መስመር ውስጥ 280 አጫጭር ስፌትና 19 ረጃጅም ስፌት አለ። ስፌቱ አንድ ሚሊ ሜትር ጠልቆ ከሄደ በየመጋጠሚያው ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወስድ ሁለት ሚሊ ሜትር ይጠፋል። አንድ ረድፍ 14 መጋጠሚያ አለው፤ 28 ሚሊ ሜትር አጠረ። ዛሬ የተሰፋው ረድፍና በሳምንቱ የተሰፋው ረድፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይተዋወቁም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመርፌው 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ለክቶ የስፌት መኪናው ሰሌዳ ላይ ወፈር ያለ ፕላስተር መለጠፍና ጨርቁን እሱን እያስታከኩ መስፋት። የአንዱ ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለው ወደ ግራ ተደርጎ በካውያ ከተተኮሰ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ራሳቸው ይያያዛሉ። ይህን የሚጠይቅ ዓምድ የለም፤ ሰንጠረዡ የሚጠይቀው መቶኛ ነው።

ሥራ የሚሞተውም የት እንደሆነ ስፌት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ፊት መግጠም ደስ ይላል፣ ቀለም አለው። ከዚያ ገበሩን ወለል ላይ ገልብጦ መወጠር፣ መሙያውን ማንጠፍ፣ ፊቱን መደረብ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ይመጣል። ሁለት ሜትር ከሃያ ባዶ ወለል የትኛው ሳሎን ውስጥ አለ? ሶፋው ይነሳ፣ ቡፌው ይገፋ፣ ልጆቹ ይባረሩ። መሙያው የተፈለቀቀ ጥጥ ከሆነ የስፌቱ መስመር ከ5 ሴንቲ ሜትር መራራቅ የለበትም፤ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ይጓጉላል። መስፋት የሚጀመረው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ ከዳር የጀመረ መሐሉ ላይ ሆድ ያወጣበታል። የቤት መኪና ክንዱ ጠባብ ስለሆነ ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ሲገፋና ሲጎተት ትከሻ ይቆረጥማል። ያኔ ነው ሥራው «በሂደት ላይ» የሚሆነው። ይህችን ሐረግ ወደ ስፌት ያመጣት፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ የመሥሪያ ቤት ሰው ለመሆኑ አያጠራጥርም። በሂደት ላይ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ አይወቀስም፣ አያልቅም።

ደግሞ እኛ ሰንጠረዥ አጥተን አይደለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ምን ሌላ የዕቅድ መከታተያ ያስፈልገዋል? በአራት ቃል ሥራው፣ የጊዜ ገደቡና ቅጣቱ ተቀምጧል። ሥራው ቀሚስ ነው። ቀኑ ጥር 11 ነው፣ አይገፋም፣ አይራዘምም። ቅጣቱ ደግሞ መበጣጠስ። ሰማንያ አምስት በመቶ የደረሰ ቀሚስ ለብሶ ታቦት ያጀበ አልታየም። ወይ አልቋል ወይ አላለቀም። ቢጫ ቀለም የለውም።

ችግሩ ተረቱ እራፊ ሰብሳቢ ላይ አይሠራም። ሌላውን ሰው «ይበጣጠስ» ሲሉት ይደነግጣል፤ ኩዊልት ሠሪ ግን «በስንት በስንት ይበጣጠስ?» ብላ ማስመሪያ ታነሳለች። ለእሷ እርግማኑ ጥሬ ዕቃ ነው። ቀሚሱ ለጥምቀት ባይደርስ 11.3 በ11.3 ሆኖ ቆርቆሮ ይገባል፤ ሰንጠረዡ ላይም «የወጣ» ይባልለታል። ቅጣቱ ተገልብጦ ሽልማት የሆነበት ሰው በምን ይያዛል?

ቀኑም ቢሆን ተምታቶባታል። ከአሜሪካ የተወረደው ሰንጠረዥ 12 ሳጥን አለው፤ ጳጉሜን የለችም። አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን (2015 ላይ ስድስት ነበረች)፣ ማንም ግብ ያልጻፈባት ንጹሕ ወር ተጥላ ቀረች። ሰባት ሜትር ጠርዝ በእጅ ለመዘምዘም ከእሷ የተሻለ ወር አይገኝም፤ በቀን ሜትር ተኩል ቢሰፋ በአምስት ቀን ያልቅና አዲስ ዓመት በአዲስ ብርድ ልብስ ይገባል። በምትኩ የዓመቱ ግብ የሚጻፈው የፈረንጅ ዓመት ሲለወጥ፣ ታኅሣሥ 23 ላይ ነው። ገና በስድስተኛው ቀን፣ ጥምቀት በ18ኛው ቀን። ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊ ደጃፍ በሚሰለፍበት ሰሞን «ዘንድሮ በእርጋታ እሠራለሁ» ተብሎ ይታቀዳል።

ልብስ ሰፊ ካልን ደግሞ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በኅዳር የተሰጠ ጨርቅ በጥር ዋዜማ ሳይነካ ይገኛል። «እታለም፣ መብራት ጠፍቶ እኮ ነው» ይላል። መኪናው በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው። ካውያው የከሰል ነው። የሚሠራው በረንዳ ላይ፣ በፀሐይ ነው። የትኛው መብራት ነው የጠፋው? «ነገ ነይ» ይላል፤ ነገ ሲኬድ በሩ ላይ ቁልፍ አለ። ይህ ሳያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ለሚበቃው ቀሚስ ሦስት ሜትር አስገዝቶ ትርፉን አይመልስም። በእርግጥ ሁለት ሜትር ይዞ መጥቶ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ የሚያዝ ደንበኛም አለ፤ እሱም የራሱ ጉድ ነው። ነገር ግን የቀረችው ግማሽ ሜትር የማን ናት? 150 ስፋት ካለው ጨርቅ ግማሽ ሜትር 52 ካሬ ይወጣዋል። የስድስት ቀሚስ ትርፍ የአንድ ብርድ ልብስ ሙሉ ፊት ነው! ሲጠየቅ «የለም፣ አልቋል» ይላል፤ በዚያው ጨርቅ የተሰፋ የሕፃን ኮፍያ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይሸጣል። ይህ ቀልድ አይደለም፣ የሰው ንብረት ነው።

ጨርቅ ሻጩም ከእሱ አይተናነስም። ሜትሩ ላይ ጨርቁን እየወጠረ ይለካል፤ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢስብ በአራት ሜትር ስምንት ጠፋ። ባንኮኒው ላይ ዘና ብሎ ይተኛና ይለካ ማለት ነውር የለውም። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት እጅ ስለሚሰበሰብም ሳይቆረጥ በፊት መታጠብ አለበት፤ ቀዩ ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ታሽቶ ሳይፈተን ከነጭ ጎን አይሰፋ።

በእራፊ ነገር አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የሚባል ቦታ ያሉ ጥቁር ሴቶች የሠሩትን ማሰብ ነው። ያረጀ የእርሻ ሱሪ፣ ጉልበቱ የነጣ ጂንስ፣ የተቀዳደደ ሸሚዝ እየቀደዱ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያድኑበትን ሠሩ። 2002 ላይ ሥራቸው ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀለ፤ 2006 ላይ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆነ። ሁለቱም በፈረንጅ ዓመት ነው። ጨርቁ ከሳጥን ሳይሆን ከገላ ላይ የወረደ ስለነበር «ቀሪ» የሚባል ነገር አልነበረውም።

ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ፤ ካልቀረ ካልቀረ እንዲህ ይሁን። ሜትሩ ይቅርና ጨርቁ በሚዛን ይያዝ። ለዚህ ሥራ የሚሆን 110 ስፋት ያለው የጥጥ ጨርቅ አንዱ ሜትር 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያ «ቀሪ 84 ሜትር» 13 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ጂንስ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ለብቻው ይመዘን። በየወሩ ሳጥኑም ቆርቆሮውም አብረው ሚዛን ላይ ይውጡ። የተቆረጠ ጨርቅ ያው ጨርቅ ስለሆነ ሚዛኑን አያታልለውም። «ወጣ» የሚባለው ጠርዙ ተዘምዝሞ አልጋ ላይ ሲነጠፍ ብቻ ይሁን። ገበሩ ከፊቱ ጋር በአንድ ቀን ይገዛና በአንድ መስመር ይጻፍ። የወሩ ግብም ሦስት ሳይሆን አንድ ይሁን፤ እሱም ሶፋው የሚነሳበት ቀን ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ ያለው ጨርቅ ብቻ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ እስካሁን የተስማማ የለም፦ አልገባም፣ አልወጣም፣ አይመዘንም።