መሬቱን ሸጦ ጉድጓዱን የሚያከራይ መንደር

ሰው መሬቱን ሸጦ ሲጨርስ ወይ ከተማ ይገባል፣ ወይ ከወንድሞቹ ጋር ፍርድ ቤት ይካሰሳል። የጊትሆርን ሰዎች ሁለቱንም አላደረጉም። መሬታቸውን ቆፍረው፣ በጀልባ ጭነው ሸጡት። የቀረው ጉድጓድ ውኃ ሲሞላ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለው ውኃውን ማከራየት ጀመሩ።

ጊትሆርን በኔዘርላንድስ፣ ኦቨራይስል በሚባለው ክፍለ ሀገር ያለች፣ ነዋሪዋ 3,000 የማይሞላ መንደር ናት። አሮጌው ሰፈር መኪና አይገባበትም። በመንገድ ፈንታ ቦይ ነው ያለው። በቦዮቹ ላይ ከ170 በላይ ድልድዮች ተዘርግተዋል። የሸንበቆ ክዳን ያላቸው ቤቶች በትንንሽ ደሴት ላይ ጉብ ጉብ ብለዋል። ፎቶዋን ያየ ሁሉ «ይቺን የነደፈ ሰው እጁ ይባረክ» ይላል። ማንም አልነደፋትም። ያ ሁሉ ውበት ከማገዶ ንግድ የተረፈ ነው።

መንደሯን የመሠረቷት በ1230 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ከደቡብ ተሰደው የመጡ፣ ገላቸውን በጅራፍ እየገረፉ ንስሐ የሚገቡ ሰዎች ናቸው ይባላል። እውነት ከሆነ ጥሩ ልምምድ ነበራቸው። የጠበቃቸው ሥራ ከጅራፉ አይሻልም ነበርና።

አካባቢው ረግረግ ነው። ለሺህ ዓመታት ሲበሰብስ የኖረ ሣርና ቅጠል ተደራርቦ ፒት የሚባል ጥቁር አፈር ሆኗል። ይህ አፈር ሲደርቅ እንደ እንጨት ይነዳል። የሆላንድ ከተሞች ቤት ያሞቁት፣ ቢራ የጠመቁት፣ ጡብ የተኮሱት በእሱ ነው። ስለዚህ የጊትሆርን ሰው ጠዋት ተነስቶ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ መረቡን ውኃ ውስጥ ይሰዳል። ጭቃውን ይዝቃል። ሳይቆፈር በተተወች ቀጭን መሬት ላይ ይዘረግፈዋል። ቀጥሎ እግሩ ሥር ሳንቃ ያስርና ጭቃው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይረግጠዋል። ጠንከር ሲል እንደ ጡብ ይቆርጠዋል፣ ይደረድረዋል፣ ፀሐይ እንድትወጣ ይጸልያል። ያገሩን ፀሐይ ለሚያውቅ፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይኼኛው ነበር። ከዚያ ማገዶው በጀልባ ወደ ከተማ ይሄዳል። እዚያ አንድ ወፍራም ነጋዴ እግሩን ዘርግቶ እሳት ሲሞቅ፣ የሚጨሰው የጊትሆርን ሰው ጓሮ ነው።

ችግሩ ያቺ ማድረቂያ የሆነችው ቀጭን መሬትም የምትነድ አፈር መሆኗ ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል። ዛሬ ትንሽ ከዳር ይነካሉ፣ ነገ ደግሞ ትንሽ። መሬቱን ሰፋ አድርጋችሁ ተዉት የሚል አልጠፋም፤ ሰሚ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በ1776 ማዕበል መጣ። ክር ያከሉትን መሬቶች ጠራርጎ ወሰዳቸው፤ ቢውላከ የተባለችው ጎረቤት መንደርም አብራ ሰጠመች። ዛሬ ቦታው ሐይቅ ነው፤ ሰዎች የመርከብ ሸራ ዘርግተው ይዝናኑበታል።

ጊትሆርን ተረፈች። ኑሮዋ ግን ውኃ ላይ ሆነ። ላም በጀልባ ወደ ግጦሽ ትሄዳለች። ድርቆሽ በጀልባ ይመጣል። ሙሽራም አስከሬንም በዚያው ቦይ ያልፋል። እኔን የሚገርመኝ ግን የጠብ ነገር ነው። ሌላ አገር የተቆጣ ሰው በሩን ድርግም አድርጎ ይወጣል። እዚህ በር ድርግም ካደረግህ በኋላ ገመድ መፍታት አለብህ። ረጅሙን ዘንግ ታነሳለህ፣ ጀልባውን ታዞራለህ። ሚስትህ በመስኮት እያየችህ ነው። ዘንጉ ጭቃ ይይዘዋል፣ ትጎትታለህ። አማትህም መስኮቱ ጋ ደርሰዋል። እንዲህ ያለ ኩርፊያ የትም አያደርስም፤ ተመልሶ ገብቶ ሾርባ መጠጣት ይሻላል።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ የማገዶው ዘመን ካለፈ በኋላ ሲኒማ መጣ። በ1958 በርት ሀንስትራ የተባለ ዳይሬክተር «ፋንፋር» የተሰኘውን ቀልደኛ ፊልም እዚያ ቀረጸ። ታሪኩ በጠብ ምክንያት ለሁለት ስለተሰነጠቀ የመንደር የሙዚቃ ጓድ ነው። ትንሽ መንደር ውስጥ ማኅበር ተቋቁሞ ለሁለት አለመሰንጠቁ ነው ፊልም የሚያሠራው፤ ቢሆንም ሕዝቡ ወደደው። ፊልሙን ያየ ሁሉ መንደሯን ካላየሁ አለ። ከዚያ የውጭ አገሩ ተከተለ። በ2015 ጭራሽ ሞኖፖሊ በሚባለው ጨዋታ የዓለም እትም ላይ ከታላላቅ ከተሞች ጋር ተሰለፈች። መሬቷን ቸርችራ የጨረሰች መንደር መሬት በሚሸጥበት ጨዋታ ላይ!

አሁን በአውሮፓ በጋ ቅዳሜ ቀን ቦዩን ማየት ነው። የኤሌክትሪክ ጀልባ ለመከራየት መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። አባወራው መሪውን ይጨብጣል። ቤተሰቡ ሁሉ አስተማሪ ይሆናል። «ወደ ግራ!» ይላሉ፤ ወደ ግራ ያዞራል። የጀልባው አፍንጫ ወደ ግራ ሲሄድ ቂጡ ወደ ቀኝ ሄዶ ከሌላ አባወራ ጀልባ ጋር ይላተማል። ከኋላ የመጣው ሁለቱን ይገጫል፣ አራተኛው ድልድይ ሥር ተጋድሞ ይዘጋል። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ጩኸቱን ሰዎቹ ያሟሉታል። በዚህ መሃል አንድ ሽማግሌ ነዋሪ በቀጭን የእንጨት ጀልባቸው፣ ዘንጋቸውን ቀስ እያሉ እየገፉ፣ ማንንም ሳይነኩ ሾልከው ያልፋሉ። ዞር ብለውም አያዩ።

አብዛኛው ድልድይ ወደ አንድ ሰው ቤት ብቻ የሚያሻግር የግል መግቢያ ነው። እንግዳው ግን ድልድይ አየሁ ብሎ ይወጣና ፎቶ ይነሳል። ከኋላው የቤቱ ባለቤት የገበያ ዘንቢል ተሸክማ ትቆማለች። እሱ ፈገግ ይላል። እሷም ሳትፈልግ ፎቶው ውስጥ ትገባለች። ቡናዋን መስኮት ጋ ይዛ ብትቀመጥ ደግሞ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው እጁን ያውለበልብላታል። መልስ ካልሰጠች ኩሩ ትባላለች፤ ከሰጠች ስታውለበልብ ይመሽባታል።

ታዲያ ነዋሪው ያማርራል፤ ቢያማርር አይፈረድበትም። ስለ ጫጫታው፣ ስለተጋጨው የቦይ ዳር፣ ጓሮው ገብተው ምሳቸውን ስለዘረጉት ሰዎች ያወራችኋል፤ ራሱን እየነቀነቀ። ልትሄዱ ስትነሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ነገ ጀልባ የምትፈልጉ ከሆነ በጠዋት ብትመጡ እንደሚሻል፣ ከሰዓት በኋላ ወረፋ እንደሚበዛ፣ ከወንድሙ ዘንድ ብትከራዩ ግን እንደማያስጠብቃችሁ ይነግራችኋል።