ቴሌቪዥኑ አይመልስላትም

ባለፈው ቅዳሜ ባህር ዳር ያለ አንድ የሕፃናት ማቆያ እኛን ወላጆችን ሰብስቦ ውሳኔውን አሰማን። ከሦስት ዓመት በታች ያሉት በየቀኑ ለሁለት ሰዓት የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ሊያዩ ነው። ለምን ስንል «ልጅ ስፖንጅ ነው፤ ከሰውም ከስክሪንም እኩል ይመጥጣል» ተባልን። ማስረጃውስ? አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ኤቢሲዲን እስከ ኤም ድረስ ዘፈነች።

መዝፈን ማወቅ ነው እንዴ? ቢ የቱ እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

የስፖንጁ ነገር ድሮ ተፈትኖ ወድቋል። በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው ለ9 ወር ሕፃናት ቻይንኛ አሰሙ። ለአንዱ ቡድን ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እያጫወታቸው፣ ለሌላው ያንኑ ሰው በቪዲዮ። 12 ጊዜ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ቪዲዮ ያዩት ምንም። ምንም!

ለምን እንደሆነ ማየት የፈለገ በጠዋት ጣና ዳር ይውረድ። እኔ ልጄን አዝዬ አሳ ልገዛ ወርጄ ነበር። አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። ጣቷን ቀሰረች። አሳ አስጋሪው ጣቷን ተከትሎ ዞረና «አምባዛ ነው የኔ እናት፤ ጢሙን አየሽው?» አላት። አቀረበላት። ነካችው፣ እጇን ሰበሰበች፣ የሰውዬውን ፊት አየች። እስክትረጋጋ ጠበቃት። «አባዛ» አለች። «አዎ! አም-ባ-ዛ።» ቤት ገብታ አገጯን እየነካካች ለአያቷ «አባዛ» ስትል ዋለች። ሰውዬው መምህር አይደለም። ያየችውን አየላት፣ ስትናገር መለሰላት፣ በቃ። ቴሌቪዥኑ ግን ልጅቷ ወደ መስኮት ብትዞርም፣ ብታለቅስም፣ «አፕል፣ አፕል» እያለ ይቀጥላል።

«ውጭ አገር ካለ አባቱ ጋር በቪዲዮ የሚያወራውስ?» አለ አንድ ወላጅ። አባቱ ይመልስለታላ! ካርቱን መልሶለት ያውቃል?

እንጀራ እየጋገረች ልጇን ስልክ የምታስይዝ እናት ላይ አልፈርድም። ሌላ እጅ የላትም። እኛ ግን በየወሩ የምንከፍለው ለሰው እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። የማቆያው ሰዎች ሁለት ሰዓት ሰጡት፣ ያውም ትምህርት ብለው።

ልጄን ሰኞ የማስገባው ቲቪው ከክፍሉ ከወጣ ብቻ ነው። ሞግዚቶቹ እዚያው ናቸው። ያጫውቷቸው።