ይድረስ ለክቡር «የቤተሰብ ስም» ሳጥን፤ ባሉበት

ቀን፦ ጳጉሜን 5 (ይህን ቀን እንደማይቀበሉ አውቃለሁ)

ጉዳዩ፦ አያቴን የባሏ እኅት ስላደረጓት

ክቡርነትዎን ከሁሉ አስቀድሜ ሰላም እላለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መብራት በተገኘ ቁጥር ስንተያይ ብንከርምም፣ እርስዎ «ይህ ቦታ ባዶ ሊሆን አይችልም» ከማለት በቀር ሌላ ነገር ተናግረውኝ ስለማያውቁ ራሴን ላስተዋውቅ ይገባኛል። በጅማ ከተማ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የምኖር፣ የቤተሰባችንን የድሮ የቆጠራ መዝገብ ወደ ዘር ሐረግ ፕሮግራም እንዳስገባ ባሕር ማዶ ባሉ የአክስቴ ልጆች የተሾምሁ፣ ደመወዝ የሌለኝ ጸሐፊ ነኝ። እርስዎ ደግሞ በዚሁ ፕሮግራም ገጽ ላይ ከ«ስም» ቀጥሎ የተቀመጡ፣ በግንባርዎ ላይ ቀይ ኮከብ የለጠፉ ባለሥልጣን ነዎት። ኮከቡ «ግዴታ ነው» ማለት እንደሆነ ተነግሮኛል፤ መዝገቡ የተጻፈበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ግን ቀይ ኮከብ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

መዝገቡ እንዴት እንደተጻፈ ላስረዳዎ። የወንዱ አያቴ ታናሽ ወንድም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበሩ። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ ቆጣሪዎቹ የሞሉት መጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ እሳቸው ግን በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ሁሉ የሚያመልጥ የሚመስላቸው ሰው ስለነበሩ፣ የአካባቢውን ዘመድ አዝማድ ቤት ለቤት እየዞሩ በጠንካራ ሽፋን መዝገብ ላይ በገዛ እጃቸው ጻፉት። እውነቱን ለመናገር ዓላማቸው ታሪክ ሳይሆን ስኳር ነበር፤ የቀበሌው ሱቅ የሚያከፋፍለው በቤተሰብ ብዛት ነበርና። በዚህ ምክንያት መዝገቡ ውስጥ ከስኳር ቀን በቀር በሕይወት የማይገኙ ጥቂት ሰዎች እንዳሉ እናንተ ፊት አልክድም። ዓምዶቹ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና፣ ሥራ እና ምርመራ የሚሉ ናቸው፤ በጠቅላላው 213 ሰው ሰፍሮበታል።

«ሙሉ ስም ከነአያት» በሚለው አርእስት ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ጠባችን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነውና። በእኛ አገር ሰው ሙሉ ስሙን ሲናገር ልጅ፣ አባትና አያት ተከታትለው ይወጣሉ፤ አንዱ መስመር ሦስት ትውልድ ነው። ጸሐፊያችን 213 መስመር ሲጽፉ ሳያስቡት የዘር ሐረጉን ሥራ ከግማሽ በላይ ጨርሰውልን ሄደዋል። እኔ ያንን መስመር ወደ እርስዎ ሳመጣው ግን የአያትየውን ስም እርስዎ ይውጡታል፤ የአባትየውን ስም «መካከለኛ ስም» ወደሚባል ጓዳ ይልኩታል፤ ከዚያ ከሥሩ የመደመር ምልክት ያቆሙና «የዚህ ሰው አባት ማን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። አሁን ነገርሁዎት እኮ! የሰውን በግ አርዶ፣ በልቶ፣ አጥንቱን ጥሎ ሲያበቃ «ለመሆኑ የማን በግ ነበር?» ብሎ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዞር ሰው በሰፈራችን ምን እንደሚባል ላስታውስዎ አልፈልግም።

በዚህ አያያዝዎ አባት አንድ ቤተሰብ፣ ልጅ ሌላ ቤተሰብ፣ የልጅ ልጅ ሦስተኛ ቤተሰብ ሆነው በዝርዝርዎ ላይ ተበታትነዋል። ቀድሞ ውርስ እንኳን ያልበተነው ዘመድ ነበር። ጸሐፊያችን ደግሞ ጠዋት «ሐሰን» ከሰዓት በኋላ «ሀሰን» ብለው የመጻፍ ልማድ ስለነበራቸው፣ በአንድ ሐመሩ ሐ እና በአንድ ሃሌታው ሀ ምክንያት የአንድ እናት ልጆች በሁለት ጎሣ ተመዝግበዋል። አሜሪካኖች ተመሳሳይ ችግር በገጠማቸው ጊዜ ሳውንዴክስ የሚባል ዘዴ ነበራቸው፤ በ1918 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የተሰጠው ሲሆን፣ በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችን በአንድ ፊደልና በሦስት አኃዝ ጠቅልሎ ስለሚያስቀምጥ ኋላ የአገሪቱ የቆጠራ መዝገቦች ማውጫ ተሠራበት። ስሚዝ የሚባለው ሰው በሁለት ዓይነት ፊደል ቢጻፍ ዘመዶቹ ያገኙታል ማለት ነው። ያ ዘዴ የላቲን ፊደል እንጂ ሀ፣ ሐ እና ኀን አያውቅም፤ በእርሱ አልፈርድም፣ አልተላከበትም። የሚያሳዝነኝ ለስሚዝ ያን ያህል ሲጨነቁ የኖሩት እርስዎ ለሐሰን ሲሆን ድንገት ጥንቁቅ የፊደል መምህር መሆንዎ ነው።

አሁን ወደ አያቴ ልምጣ። እኛ አኮ እንላታለን። በመዝገቡ ላይ ከባሏ ቀጥሎ በሁለተኛው መስመር ላይ በራሷ ስም፣ በአባቷና በአያቷ ስም ተጽፋለች፤ የዝምድናው ዓምድ «ሚስት» ይላል። እኔም የታዘዝሁትን ፈጽሜ ከባሏ ጋር ባገናኛት፣ ክቡርነትዎ ማንንም ሳይጠይቁ የባሏን አያት ስም ከስሟ ጀርባ ለጠፉባት። በእርስዎ አገር ልማድ ይህ የጋብቻ ክብር ሊሆን ይችላል። በእኛ አነባበብ ግን ባልና ሚስቱ የአንድ ቤት ልጆች፣ እኅትና ወንድም ሆነው ቁጭ አሉ፤ ሰባት ቤት በሚቆጠርበት አገር ይህ ለቀልድ እንኳን የሚወራ ነገር አይደለም። ቡና ላይ ሳነብላት አኮ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «ልጄ፣ እኔ ከአባቴ የተፋታሁት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

የወንዱ አያቴን ስም እዚህ አልጽፍልዎትም፤ በእጅዎ የገባ ስም ምን እንደሚሆን አይቻለሁና። አባ እንትና እንበላቸው። በጅማ ሰው በፈረሱ ስም «አባ» ተብሎ መጠራቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገሥታቱም የሚታወቁት በዚሁ ነው፦ አባ ጅፋር፣ አባ ሬቡ፣ አባ ቦቃ፣ አባ ጎሞል፣ ከዚያም በ1878 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር። ክቡርነትዎ ቢመዘግቧቸው የሁሉም ስም «አባ» ይሆንና እያንዳንዱ ንጉሥ የየፈረሱ ቤተሰብ አባል ሆኖ ይቀመጣል። የጅሬንን ቤተ መንግሥት በአንድ ሌሊት ጋጣ ያደርጉታል ማለት ነው። የእኔ አያት ንጉሥ ሳይሆኑ በሐሙስ ገበያ ቡና የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም ፈረስ ነበራቸው፣ ፈረሱም ከእርስዎ የተሻለ ያውቃቸው ነበር።

ተስፋ ቆርጬ ባዶ ልተውዎት ሞክሬአለሁ። ከብዙ ግትርነት በኋላ «ያልታወቀ» ብለው ጻፉ። ከሕርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ዱቤ ያልሰጡት ሰው ያልነበራቸውን አባ እንትናን ያልታወቁ አደረጓቸው! ይህን ለማምለጥ አንድ ነጥብ ብቻ አስቀመጥሁ፤ በማግስቱ ፕሮግራሙ 213 ሰው ያቀፈ «የነጥብ ቤተሰብ» እንዳገኘ በደስታ አበሠረኝ።

በእርግጥ ወደ አገራችን ለመግባት ሲሞክሩ ይህ የመጀመሪያዎ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ «አለህ» አለ፤ ሕዝቡ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነና እስከ ዛሬ በአባቱ ስም ይጠራል። ሁለቱም ወገኖች ጨዋ ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ተካሰው አያውቁም። ያ ሕግ እንኳን ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም እንደያዘች እንድትኖር ሲፈቅድላት፣ ያለ አዋጅና ያለ ነጋሪት በአኮ ላይ የፈረዱባት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ያለ እኔ ቆጠራ አይቆምም እንዳይሉኝ ደግሞ አስቀድሜ ልመልስልዎ። አይስላንድ በ1703 እ.ኤ.አ. 50,358 ነዋሪዎቿን በየስማቸው ቆጥራ መዝግባለች፤ ዛሬም አብዛኛው አይስላንዳዊ የሚጠራው በአባቱ ስም እንጂ በቤተሰብ ስም አይደለም። ጅማም በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 120,960 ነዋሪ ሲመዘገብባት የእርስዎን ፈቃድ አልጠየቀችም። ይባስ ብሎ፣ ጌድኮም የሚባለውና የዘር ሐረግ ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት የቤተሰብን ስም በሁለት ዘንባላ መስመሮች መካከል ከማስቀመጥ በቀር የግድ ይኑር አይልም፤ ሰው ያለ እርስዎም በፋይሉ ውስጥ በሰላም ይኖራል። ኮከቡን የለጠፈልዎ ፋይሉ ሳይሆን ገጹን የሠራው ሰው ነው። እንግዲህ ሥልጣንዎ ከየት እንደመጣ ስለማውቅ ብዙም አልፈራዎትም።

ስለ ባልደረባዎ ስለ «የልደት ቀን» ሳጥንም አንድ ሁለት ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። የካቲት 30 የተወለደውን አጎቴን «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መልሶታል፤ ጳጉሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም። ያ የፈረደበት ጌድኮም የጎርጎርዮስን፣ የዩልዮስን፣ የዕብራውያንንና የፈረንሳይ አብዮተኞችን የዘመን አቆጣጠር እየለየ ይጽፋል። የፈረንሳዮቹ 12 ወር በ30 በ30 ቀን ተከፍሎ በመጨረሻው አምስት ወይም ስድስት ቀን የሚጨመርበት፣ ማለትም የራሱ ጳጉሜን ያለችበት ሲሆን፣ እነሱ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ሰልችቷቸው ትተውታል። የተዉት ሰዎች ቦታ አላቸው፤ እኛ ገና እየቆጠርንበት ያለነው ደጅ ቆመናል።

አኮን በተመለከተ ግን ይህ ባልደረባዎ ሳያውቅ አንድ ተአምር ሠርቷል። አኮ የተወለደችው ጣሊያን በገባበት በ1928 ዓ.ም. ነው፤ በመዝገቡ ዘመን 48 ዓመቷ ነበር። ጸሐፊው የባሏ ወንድም ናቸውና «40» ብለው ጻፉላት። ፕሮግራሙ 1976ን እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ 40 ሲቀንስበት 1936 አገኘ፤ በእኛ 1928 መሆኑ ነው። የአማች ይሉኝታና የማሽን ድንቁርና ተጋግዘው እውነቱን አወጡት። ይሁንና «30» ተብሎ በትክክል የተጻፈው የበኩር ልጇ በዚሁ ስሌት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሄደ፣ አሁን አኮ በ10 ዓመቷ ወልዳለች የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ በየጠዋቱ ይመጣልኛል። እንግሊዞች በ1841 እ.ኤ.አ. ቆጠራቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ ወደ ታች ወዳለው የአምስት ብዜት እንዲያወርዱ ቆጣሪዎቻቸውን አዝዘው ነበር፤ ለእነሱ ፕሮግራሙ «ገደማ» የሚል ትሕትና አዘጋጅቷል። ለእኛ ያዘጋጀው ማስጠንቀቂያ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ኮከቡን ከግንባርዎ አውርደው፣ «ሙሉ ስም ከነአያት» የሚለው መስመር እንደተጻፈ እንዲገባ፣ ከውስጡም አባትና አያት እንደ ቅደም ተከተላቸው እንዲነበቡ ቢፈቅዱ፣ እኔም የጀመርሁትን እጨርሳለሁ፤ የአክስቴ ልጆችም «ስንት ደረሰ?» እያሉ በየሌሊቱ መደወላቸውን ይተዋሉ። ይህ ካልሆነልዎ ግን በበኩሌ አስፈላጊውን አድርጌአለሁ። ከመዝገቡ መጨረሻ ባዶ በቀረው መስመር ላይ፣ በጸሐፊያችን ደንብ መሠረት፣ እርስዎን እንዲህ ብዬ መዝግቤዎታለሁ፦ ተራ ቁጥር 214። ሙሉ ስም ከነአያት፦ የቤተሰብ ስም፤ አባቱም አያቱም ያልታወቁ። ዕድሜ፦ 40። ከቤቱ ኃላፊ ጋር ያለው ዝምድና፦ የለውም። ሥራ፦ ጥበቃ። ምርመራ፦ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ስለሆነ ስኳር አይታዘዝለት።

ከሰላምታ ጋር

የአኮ የልጅ ልጅ፣ ጅማ

ግልባጭ፦ ለ«የልደት ቀን» ሳጥን፤ ለአኮ (ቡና ላይ ይነበብላታል)