ምቀኛ አታሳጣኝ

«የፉክክር ቤት ሳይዘጋ ያድራል» ይባላል። ይህን ተረት ያወጡት ሰውዬ ምን ደርሶባቸው እንደሆነ እንጃ፣ ፉክክርን ግን በቅጡ አላጣጣሙትም። ሳይዘጋ ያደረ ቤት ምን ይሆናል? ንጹሕ አየር ይገባዋል። ሌባ ቢገባስ? ይግባ። እኔ «እሱ ይዝጋው» ብዬ ተኝቻለሁ። እሱም «እሱ ይዝጋው» ብሎ ተኝቷል። ጠዋት ቤቱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሁለታችንም ጥፋት የለብንም። እንዲህ ያለ እንቅልፍ በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ ዛሬ የተነሳሁት ለባላንጣ ምስጋና ላቀርብ ነው። ተሳስታችሁ የሩጫ ሜዳውን ፉክክር እንዳታስቡ። ያ መነሻና መድረሻ፣ ዳኛና ሰዓት ያለው፣ ሲያልቅ ተቃቅፈው የሚለያዩበት የልጆች ጨዋታ ነው። እኔ የማወድሰው የኛን የአዋቂዎቹን ነው። መቼ እንደተጀመረ አይታወቅም። የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ሽልማት የለውም። አንዳንዴ እንዲያውም አንደኛው ተወዳዳሪ ውድድር ላይ መሆኑን አያውቅም።

በራሴ ልጀምር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለ6 ዓመት አንድ ባላንጣ ነበረኝ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ኑሮዬ ጭንቀት ብቻ ነበር። ምን ልልበስ? ቅዳሜን በምን ላሳልፍ? ለመሆኑ በዚህ ዓለም የምፈልገው ምንድን ነው? እያልኩ ስብሰለሰል እውል ነበር። እሱ መጣና ገላገለኝ። ጃኬት ገዛ፣ ገዛሁ። በስልኩ ፈረንሳይኛ መማር ጀመረ፣ ጀመርኩ። ይኸው ዛሬም «ድመቷ ወንበሩ ላይ ናት» ብዬ በፈረንሳይኛ መናገር እችላለሁ። ድመቷ የት እንዳለች የሚጠይቀኝ ሰው ነው የጠፋው። ቀጥሎ ሩጫ ጀመረ። የሮጠውን ኪሎ ሜትር ማታ ማታ ይለጥፋል። በማግስቱ በእሱ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ጨምሬ እለጥፋለሁ። በሦስተኛው ወር ጉልበቴ ተበላሸ። ግን ያሸነፈ ጉልበት ነው። ሐኪሙ ይህን ሊረዳልኝ አልቻለም።

የጠዋቱን ደግሞ ብታዩ! እሱ 10 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፣ እኔ 20። እሱ 30፣ እኔ 40። በመጨረሻ ሁለታችንም ገና ሳይነጋ እየደረስን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናንቀላፋ ነበር። መቼም ስንደርስ በሩ ተከፍቶ፣ መብራቱም በርቶ እናገኘዋለን። ማን እንደሚከፍተው ጠይቀን አናውቅም። ዓይናችን እርስ በርስ ላይ ነዋ።

ይህ ጸጋ የኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሄንሪ ታይፍል የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስቦ ሞክሮታል። ውጤቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 ነው። ልጆቹን በማይረባ ነገር ለሁለት ከፈላቸው። ነጠብጣብ ቆጥራችሁ አበዛችሁ፣ አሳነሳችሁ በሚል። ያውም የእውነት አልነበረም፣ በዕጣ ነው። ከዚያ ማን እንደሆኑ ለማያውቋቸው ልጆች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ አደረጋቸው። የኛ ወገን ብዙ ያግኝ፣ የነሱም ደህና ያግኝ የሚል ምርጫ ነበራቸው። የኛ ትንሽ ያግኝ፣ የነሱ ግን ከኛ በጣም ይነስ የሚል ምርጫም ነበራቸው። ልጆቹ ወደ ሁለተኛው አደሉ። ብር ቀርቶ ልዩነቱ ይስፋ አሉ።

ባሏን የጎዳች መስሏት የተባለላትን ሴትዮ ታውቋታላችሁ። ተረቱን አልጨርሰውም፣ ይህን ጽሑፍ ልጆችም ያነቡታል። ይህቺ ሴትዮ ግን ያለ ስሟ ነው የምትታማው። ሳይንስ ከጎኗ ነው።

ከሁሉም የምወዳቸው ዳስለር ወንድማማቾችን ነው። አዶልፍና ሩዶልፍ። ሄርዞገንአውራህ በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ አብረው ጫማ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ሯጭ ጄሲ ኦውንስ 4 ወርቅ ሲወስድ የነሱን ጫማ አድርጎ ነበር። ይህ ሁሉ ተስማምተው ሲሠሩ የሆነ አሰልቺ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው። ውበቱ የሚጀምረው ከጦርነቱ በኋላ ሲጣሉ ነው። በምን እንደተጣሉ ብዙ ዓይነት ወሬ አለ። አንዱም ከሌላው አይገጥምም። ይህም የጥሩ ጠብ ምልክት ነው። ሩዶልፍ በ1948 ፑማን አቋቋመ። አዶልፍ በ1949 በቅጽል ስሙ «አዲ» ላይ «ዳስ»ን ቀጥሎ አዲዳስን አስመዘገበ። አንዱ ከወንዙ ወዲህ፣ አንዱ ከወንዙ ወዲያ።

ከተማዋም ለሁለት ተከፈለች። ሕዝቡ ሰው ሲያገኝ ከሰላምታ በፊት አጎንብሶ ጫማ ያያል። በዚህ የተነሳ «የጎበጠ አንገት ከተማ» የሚል ስም ወጣላት። አስቡት እስቲ፣ ምን ያህል ድካም እንደሚቀንስ። አንድን ሰው ለማወቅ አብሮ መኖር፣ ማውራት፣ መታገሥ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ። ወንድማማቾቹ ሲሞቱ በአንድ መካነ መቃብር ተቀበሩ። አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ። መቃብሩ ከዚያ በላይ ሰፊ ባለመሆኑ እንጂ ይራራቁ ነበር።

እነሱ እንዲህ ተፋጠው ሳለ በሩ ሳይዘጋ አድሮ ኖሮ፣ ናይኪ የሚባል ከአሜሪካ መጥቶ ገባ። ሁለቱንም በለጠ። አንዳንድ ምቀኛ ይህን እንደ ኪሳራ ያነሳዋል። እኔ ግን እላለሁ፣ ወንድሙ እስካልበለጠው ድረስ ሰው ምን ጎደለበት?

ወደ ላይ መሄድ ለሚወዱ ደግሞ ኒው ዮርክ አለች። ዊልያም ቫን አለንና ክሬግ ሴቨረንስ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ነበሩ። አንድ ጊዜ ሸሪኮች ነበሩ፣ ተጣሉ። (ሸሪክነት ለባላንጣ መፈልፈያ ሁነኛ ቦታ ነው። የምትጠሉት ሰው ቢያንስ የት እንደሚያመው ታውቃላችሁ።) እ.ኤ.አ. በ1929 አንዱ የክራይስለርን ሕንጻ፣ ሌላው በዎል ስትሪት 40 ቁጥር ላይ ያለውን ሕንጻ ይሠሩ ነበር። የዓለም ረጅሙ የኔ ይሁን ነው ነገሩ። ሴቨረንስ 283 ሜትር ላይ ደረሰና ጨረስኩ፣ አሸነፍኩ ብሎ አረፈ። ቫን አለን ግን በሕንጻው ጉሮሮ ውስጥ 56 ሜትር ገደማ የሚሆን የብረት ሹል በድብቅ ሲያሠራ ከርሟል። ጥቅምት 23 ቀን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ከውስጥ አውጥቶ አናቱ ላይ ተከለው። 319 ሜትር! ሹሉ ውስጥ ሰው አይኖርም፣ አይሠራም፣ አይተኛም። ሥራው መብለጥ ብቻ ነው። በዓለም ላይ ሥራውን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ብረት አላየሁም።

በማግስቱ ጥቅምት 24 ቀን የአክሲዮን ገበያው ተናደ። ሕዝቡ ገንዘቡን ፍለጋ ወደ ታች ሲሯሯጥ ወደ ላይ ቀና ብሎ ያየ ብዙ አልነበረም። የተሸነፉት ወገኖችም እጅ አልሰጡም። «ሹል ምን ያደርጋል? ሰው የሚገባበት ፎቅ ከተባለ የኛ ይበልጣል» ብለው ጽፈው ተከራከሩ። ልክ እንደኔ ጉልበት። አንድ ዓመት ከምናምን ቆይቶ፣ በ1931፣ ኤምፓየር ስቴት 381 ሜትር ሆኖ ተመረቀና ሁለቱንም አሳፈራቸው። እሱም ለዓመታት ተከራይ አጥቶ አብዛኛው ክፍሉ ባዶውን ቆመ። ባዶም ቢሆን ይበልጣል።

አሁን አንድ አስተዋይ አንባቢ «ፉክክር እኮ የእውነትም ጥቅም አለው» ይለኛል። ምን ነካህ ወንድሜ፣ እኔ ሌላ ምን እያልኩ ነው? አለው እንጂ። ሶቪየቶች በ1957 ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ባያመጥቁ፣ በ1961 ጋጋሪንን ወደ ጠፈር ባይልኩ፣ አሜሪካኖች በ1969 ጨረቃን ይረግጧት ነበር? የሰው ልጅ በዚያ በ12 ዓመት ውስጥ የሮጠውን ሩጫ ብቻውን ሆኖ ሮጦት አያውቅም። 12 ሰዎች ጨረቃ ላይ ተራመዱ። ከታኅሣሥ 1972 በኋላ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ማንም አልደገመውም። ጨረቃ የትም አልሄደችም፣ ያው እዚያው ናት። የሚያናድድ ሰው ነው የጠፋው።

ሳይንስም ቢሆን ባላንጣ ይወዳል። ኤድዋርድ ኮፕና ኦትኒየል ማርሽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የዳይኖሰር አጥንት ይቆፍሩ ነበር። መጀመሪያ ወዳጆች ነበሩ። ኮፕ የአንድ ጥንታዊ የባሕር እንስሳ አጥንት ሲገጣጥም ጭንቅላቱን ጅራቱ ላይ ሰካው። ስህተቱ ሲታወቅ ጽሑፉ ያለበትን ቅጂ ሁሉ ገዝቶ ለመሰብሰብ ሞከረ። ማርሽ ከ20 ዓመት በኋላም ጋዜጣ ላይ አነሳበት። ወዳጅ ቢሆን ኖሮ ይረሳልን ነበር። ስህተታችንን በዚህ ፍቅር የሚያስታውስልን ከባላንጣ ሌላ ማን አለ? ሁለቱ ተሽቀዳድመው ከ130 በላይ ለሚሆኑ የዳይኖሰር ዝርያዎች ስም አወጡ። ከጥድፊያው የተነሳ አንዱን እንስሳ ሁለቴ የሰየሙበት ጊዜም አለ፣ ቀላል ነው፣ እንስሳው አልተቀየመም። ቆፍረው ሲጨርሱ ሌላው እንዳያገኘው የቀረውን አጥንት ይሰባብሩ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት መሬት ውስጥ ሳይሰበር የኖረ አጥንት! ሁለቱም ሀብታቸውን እዚያው ጨርሰው አረፉ።

የቡድኑ ፉክክር ደግሞ ከዚህም ይጣፍጣል፣ ምክንያቱም ምንም ሳይሠሩ ማሸነፍ ይቻላል። ቡድኔ ሲያሸንፍ «አሸነፍን» እላለሁ። ሲሸነፍ «ተሸነፉ» እላለሁ። የስልኩማ ገርሞኝ አያልቅም። አይፎን የያዘው ሳምሰንግ የያዘውን ይንቃል፣ ሳምሰንግ የያዘው አይፎን የያዘውን ይሰድባል። ሌሊቱን ሙሉ። ሁለቱም ስልኩን በገዛ ገንዘባቸው ነው የገዙት። ለድርጅቱ ጥብቅና የሚቆሙት ግን በነጻ ነው። ድርጅቶቹ ራሳቸው በዚህ መካከል እርስ በርስ ዕቃ ይሸጣሉ። የአይፎን ስክሪን ከሳምሰንግ ሲገዛ እኮ ኖሯል። ይህን ለተሳዳቢዎቹ አትንገሩብኝ።

የሚያሰጋኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርቅ። በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ሊቅ በኦክላሆማ 22 የ11 ዓመት ልጆችን ወስዶ በሁለት ቡድን ከፈላቸው። ንስሮችና እባቦች ተባሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፣ መኝታ ክፍል ወረረ። ግሩም ሥራ ነበር። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ምግብ የሚያመጣውን መኪና የተበላሸ አስመሰሉት። ልጆቹ ራባቸው። እርስ በርስ ሲጓተቱበት የነበረውን ገመድ አምጥተው መኪናው ላይ አሰሩና አብረው ጎተቱት። ጠቡም እየበረደ ሄደ። ያንን የመሰለ ጥላቻ በአንድ ገመድ ተበላሸ። ገመድ ያላችሁ ደብቁ።

የወላጆችንም ውለታ ሳላነሳ አላልፍም። ልጅ «ሁለተኛ ወጣሁ!» ብሎ እየሮጠ ሲመጣ «አንደኛው ማን ነው?» ብለው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። የ1992ቱን የባርሴሎና ኦሊምፒክ ቪዲዮ ያጠኑ ሰዎች እንዳሉት 3ኛ የወጡት ፊታቸው ላይ የሚነበበው ደስታ ከ2ኞቹ ይበልጥ ነበር። ከምድር ሕዝብ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ሰው አንገቱን ይደፋል። ይህን የመሰለ ጨዋነት እንዲሁ አይመጣም፣ ከቤት ነው የሚለመደው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ባለፈው ወር ባላንጣዬ ሥራ ለቀቀ። በሽኝቱ ዕለት ደረቴን ነፋ አድርጌ ሄድኩና ጨበጥኩት። አሸናፊ ቸር መሆን አለበት።

«መቼም 6 ዓመት ሙሉ አንተኛም፣ አናስተኛም ነበር» አልኩት።

«ማን?» አለኝ።

«እኔና አንተ ነዋ።»

ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንተን የምወድህ እኮ ለዚህ ነው» አለ። «ከማንም ጋር አትፎካከርም። ዝም ብለህ ነው የምትኖረው። እኔን ግን ያ ሰውዬ ገደለኝ። ጃኬቱ፣ ፈረንሳይኛው፣ ሩጫው… አልደረስኩበትም።»

በአገጩ ወደ ጥጉ ጠቆመኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሰው እንዳለ ልብ ብዬ አላውቅም። ስሙንም አላውቀው። ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ተቀምጧል። ለካ በሩን የሚከፍተው እሱ ኖሯል።

ጃኬቱ ከኔ ይሻላል። ነገ ስንት ሰዓት እንደሚገባ አጣራለሁ።